ማውሱን አትቀሟቸው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱን ጥያቄዎች ስለ ደሞዝና ስለ አለቃ መሆናቸው ቀርቶ ስለ "ሲስተም" ሆነዋል። አዲስ ሶፍትዌር ገባ፣ ወረቀቱ ቀረ፣ ከ50 ዓመት በላይ ያሉት ሰራተኞች ተቸገሩ፣ ወይም እነሱን የሚያስተምሩት ልጆች ተቸገሩ። ስለዚህ ይሄን እትም ሙሉውን ለዚሁ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቻችንንም የመስሪያ ቤቶቻቸውንም ስም አናወጣም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፣ ባህር ዳር አንድ መስሪያ ቤት አይቲ ክፍል ውስጥ ነው ምሰራው። ለንብረት ክፍል አዲስ ሲስተም ገብቶ ሰራተኞቹ አዳማ ሄደው ሶስት ቀን ሰልጥነው መጡ፣ ከመጡ በኋላ ግን ምንም እንዳልሰለጠኑ ነው። በተለይ ግምጃ ቤት ያሉ አንድ ጋሼ አሉ፣ 57 ዓመታቸው ነው፣ በቀን አራት አምስቴ ይደውሉልኛል፣ ሄጄ አሳያቸዋለሁ፣ "ገባኝ ልጄ ተባረክ" ይሉኛል፣ በማግስቱ ያንኑ ይጠይቁኛል። እውነቱን ልናገርና አሁን አሁን ሲደውሉ ስልኬን ማላነሳበት ጊዜ አለ። አለቃዬ ደግሞ "ትልልቆቹ ለውጥ አይወዱም፣ ታገሳቸው" ነው ሚለኝ። እድሜ ነው ወይስ እኔ ማስረዳት አልችልም?

መልስ፦ ወንድሜ እስኪ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሄደህ ስታሳያቸው ማውሱ ማን እጅ ላይ ነው ያለው? ያንተ እጅ ላይ ከሆነ መልሱ እዛው ጋ ነው። ከጎናቸው ጎንበስ ትላለህ፣ ማውሱን ትወስዳለህ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ "ይኸው ጋሼ፣ ቀላል እኮ ነው" ትልና ትሄዳለህ። የዛን ቀን ስራ አለቀ፣ እሳቸው ግን ያዩት ስክሪን ላይ የምትሮጥ ቀስት ብቻ ነው። በዛ ላይ "ቀላል ነው" ስላልካቸው አልገባኝም ማለት ከበዳቸው፣ ቀላሉን ነገር ያልቻለ ሰው ምን ሊባል ነው? ስለዚህ "ገባኝ ልጄ ተባረክ" አሉህ። እሱ ገብቷቸው ሳይሆን ስራህን አላስፈታህም ማለታቸው ነው፣ ይሉኝታ ነው በቃ።

ከነገ ጀምሮ ማውሱን አትንካ። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተተው ካስፈለገ። በአፍህ ብቻ ምራቸው፣ "ከላይ በስተግራ ያለውን ይጫኑ" በል፣ ፈልገው እስኪያገኙት ጠብቅ፣ መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይጨንቅሃል፣ አንተ በሁለት ሰከንድ ምትጨርሰውን እሳቸው ደቂቃ ሲፈጁበት እጅህ ይበላሃል፣ ግን ያቺ ደቂቃ ናት ትምህርቱ።

ስለ አለቃህ አባባል ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ለውጥ አይወዱም? እነዚህ ሰዎች እኮ በስራ ዘመናቸው ያላዩት ለውጥ የለም። የመንግስት ሂሳብ በ1990ዎቹ ከነጠላ አመዘጋገብ ወደ ደብል ኢንትሪ (እያንዳንዱ ሂሳብ ሁለት ቦታ ወደሚመዘገብበት) ሲገባ እነሱ ናቸው የተሸከሙት፣ ከዛ አይቤክስ የሚባለው የመንግስት ሂሳብ ሶፍትዌር መጣ፣ ከዛ ሌላው፣ አይፍሚስ መጣ፣ በ1995 ቫት መጣ፣ ግዢውም አሁን ኤሌክትሮኒክ እየሆነ ነው። እኚሁ ጋሼ ምናልባት እቤታቸው በቴሌብር የመብራት ይከፍላሉ፣ እሱም ከመጣ ገና ከ2013 ጀምሮ ነው። ሰው ለውጥ ሚጠላው ለውጡ ስራውን የማያውቅ ሰው ሲያስመስለው ነው። ሰላሳ ዓመት እቃ ተቀብሎ ሲያወጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ሰልጣኝ ሆነ፣ ልጁ በሚሆን ሰው ፊት። ይሄን አንተም ብትሆን አትወደውም።

አሁን ወደ ዋናው። የአዳማው ስልጠና (አበሉ ጥሩ ነው፣ እሱን አልነካም) ብዙ ጊዜ ሚሰጠው በሜኑ ነው። አሰልጣኙ ከላይ ከግራ ይጀምርና እያንዳንዱን ሜኑ እየከፈተ "ይሄ ይሄን ያደርጋል" እያለ እስከ ቀኝ ጥግ ይሄዳል፣ ሰልጣኙ ከነዛ ውስጥ ሲመለስ ሚያስፈልገው ምናልባት አምስቱ ነው፣ የትኞቹ አምስት እንደሆኑ ግን ማንም አልነገረውም። አንተ በተቃራኒው ሂድ፣ ከወረቀቱ ጀምር። ጠዋት ሂድና "ጋሼ ዛሬ ምን እቃ ገባ?" በላቸው። ሞዴል 19 ያወጡልሃል፣ የእቃ ገቢ ደረሰኙን ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጡትና አንድ በአንድ ሂዱበት፣ የአቅራቢው ስም እዚህ ጋ፣ መለኪያው እዚህ ጋ፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ። ስክሪኑ ሞዴል 19ን ነው የሚመስለው፣ ቦታው ተቀያየረ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ያ ቀን በዚህ ያብቃ። ገቢው እጃቸው ላይ ሲገባ ወጪውን፣ ማለትም ሞዴል 22ን ትጨምራለህ። ሪፖርት ምናምን በኋላ ይደርሳል፣ እንዲያውም አንዳንዱን ጨርሶ ላያስፈልጋቸው ይችላል።

ማስታወሻውን ደግሞ አንተ እንዳትጽፍላቸው። በስክሪን ፎቶ ያሸበረቀ 40 ገጽ ማኑዋል አዘጋጅተህ ከሆነ ልፋትህን አከብራለሁ ግን አያነቡትም። ይሄ ደግሞ የኛ ሰው ችግር ብቻ እንዳይመስልህ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አይቢኤም የምርምር ማዕከል ውስጥ ጆን ካሮል የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ለኮምፒውተር አዲስ የሆኑ ሰዎች የጽሁፍ ፕሮግራም ሲማሩ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር፣ ሰዎቹ ማኑዋሉን ትተው ቶሎ የራሳቸውን ስራ መጀመር ነው የሚፈልጉት። ተመራማሪዎቹ ማኑዋሉን በጣም አሳጠሩት፣ በስራ በስራ ከፋፈሉት፣ ስትሳሳት እንዴት እንደምትመለስ ጨመሩበት፣ ሰዎቹም በፍጥነት ለመዱ። ሌላም ነገር ሞክረው ነበር፣ ጀማሪን መውጫ የሌለው ቦታ የሚከቱትን ትእዛዞች ለጊዜው ዘጉባቸው፣ እሱም ረዳ። አንተም አይቲ ስለሆንክ ሲስተሙ ከፈቀደልህ የማያስፈልጓቸውን ሜኑዎች ከሳቸው አካውንት ላይ ደብቅላቸው። ማስታወሻውን ግን በራሳቸው ደብተር፣ በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው ቃል ይጻፉት፣ ለአንድ ስራ አንድ ገጽ። "ሴቭ" ማለት ትተው "አስቀምጥ የሚለው ሰማያዊው" ብለው ከጻፉ ይሁን፣ አታርማቸው።

ፍርሃቱንም አትናቀው። እዚህ አገር መብራት በሚጠፋበት፣ "ኔትወርክ የለም" በሚባልበት ቢሮ ውስጥ ግማሽ ቀን ሙሉ ያስገባው ነገር አንዴ የጠፋበት ሰው ቁልፍ ለመጫን ቢፈራ እውነቱን ነው። ስለዚህ የትኛዋ ቁልፍ እንደማትመለስ ንገራቸው፣ እሷን ብቻ፣ ብዙ ሲስተም ላይ እሷ "አጽድቅ" የምትለው ናት፣ ከሷ በፊት ያለው ሁሉ ይስተካከላል። የመለማመጃ ኮፒ ካለ ክፈትላቸውና ያበላሹት፣ ሆን ብለው ያበላሹት።

ስለ ስልኩ ደግሞ ሰዓት ስጣቸው። "ጋሼ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ እስከዛ ያልገባዎትን ይጻፉልኝ" በልና በተባለው ሰዓት ተገኝ፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የተማሩት ነገር በአንድ ቀን ከታጨቀው በላይ እንደሚቆይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ሰኔ ላይ ግን እንዳትጀምር! በጀት በሚዘጋበት ወር አዲስ ነገር የሚማር ፋይናንስም ንብረትም የለም። ነሀሴ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አንተም ጠይቃቸው። ሲስተሙ ያለውን ቀሪና የሳቸውን ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ እቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበትን) አስተያይተው ልዩነቱን እንዲያሳዩህ አድርግ። መጀመሪያ ዳታው ሲገባ ደርዘኑ በፍሬ፣ ፓኬቱ በነጠላ የተመዘገበበት ቦታ እንደሚኖር እወራረዳለሁ፣ ያንን ከሳቸው በቀር ማንም አያገኘውም። ስህተቱን እሳቸው ካገኙልህ በኋላ በመሃላችሁ ያለው ነገር ይቀየራል፣ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ስም አይጠቀስ። 56 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ጸሐፊ ነኝ። ኮሜርስ ተምሬ በታይፕራይተር ነው የጀመርኩት፣ በአስር ጣት፣ ኪቦርዱን ሳላይ። ከዛ ኮምፒውተር ሲመጣ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ለመድኩ፣ ማንም አይቀድመኝም ነበር። አሁን አዲሱ ሃላፊያችን የላኩላቸው ደብዳቤ ስልካቸው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖባቸው "ከዛሬ ጀምሮ በዩኒኮድ ብቻ" አሉ። አዲሱን ስሞክር እጄ እምቢ አለኝ፣ አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ልጆቹ ሲሳሳቁ ሰማሁ። ጭራሽ ደግሞ ሰራተኛ ሁሉ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ስልጠና ይውሰድ ተብሏል። ጡረታዬ 4 ዓመት ነው የቀረው። ትቼው ልውጣ?

መልስ፦ እህቴ አይውጡ። እጅዎ እምቢ ያለው ስላረጀ አይደለም፣ በጣም ስለሚያውቅ ነው። ምንም የማያውቅ ልጅ አዲስ ኪቦርድ ቢለምድ የሚረሳው ነገር የለውም፣ የርስዎ ጣቶች ግን ሰላሳ ዓመት የኖሩበት ቦታ አላቸው፣ መጀመሪያ እሱን መተው አለባቸው፣ ለዛ ነው ከጀማሪም በታች የሆኑ የሚመስልዎት። ያልፋል።

ሃላፊዎ ስልክ ላይ የሆነው ነገር ምን መሰልዎት፣ በድሮዎቹ ፎንቶች ኮምፒውተሩ አማርኛ መሆኑን አያውቅም ነበር። እሱ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ነው ከላይ የአማርኛ ልብስ የሚያለብሰው፣ ፎንቱ የሌለበት ስልክ ላይ ልብሱ ይወልቅና ያ ዝብርቅርቅ ይመጣል። ዩኒኮድ ግን በፈረንጆቹ 1999 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው፣ ሀ የትም ኮምፒውተር የትም ስልክ ላይ ሀ ነው። ስለዚህ ሃላፊዎ ያሉት ነገር ትክክል ነው፣ አነጋገራቸው ትንሽ ለስለስ ቢል ጥሩ ነበር እንጂ።

አሁን በብዛት የሚሰራው በድምፅ ነው፣ ኤስን (s) ሲመቱ ስ ይወጣል፣ ኢን (e) ሲያስከትሉ ሰ ይሆናል፣ ኤን (a) ሲያስከትሉ ሳ። ኪማን የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ነው፣ ዊንዶውስም የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቀየር የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ነው። አይቲውን አንዱን ብቻ እንዲጭንልዎት ይንገሩት፣ ሁለት ሶስት ዓይነት ካለ እንደገና መደናገር ነው። ከዛ ሁሉንም ስራ በአንዴ ወደ አዲሱ አይውሰዱ። በየቀኑ አንድ ደብዳቤ፣ አጭሩን፣ እንደ "ጉዳዩ፦ የስብሰባ ጥሪ" ያለውን በአዲሱ ይጻፉ፣ አስቸኳዩን በለመዱት ይጨርሱና በፒዲኤፍ ይላኩት፣ ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ ሃላፊዎ ስልክ ላይ አይበላሽም። ሃላፊዎን "አንድ ወር ይስጡኝ" ይበሏቸው፣ ወሩን የሚከለክል ሰው አይመስለኝም። አስር ጣትዎን ግን እንዳይተዉት፣ ልጆቹ በሁለት ጣት ነው የሚለቃቅሙት፣ አቀማመጡ እጅዎ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይቀድሟቸዋል።

ሌላ እርስዎ ብቻ የሚያስተካክሉት ነገር አለ። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሲፈለግ አንዱ "ሐምሌ" ብሎ መዝግቧል ሌላው "ሀምሌ" ብሎ፣ አንዱ "ሠራተኛ" ሌላው "ሰራተኛ"፣ ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ናቸው፣ አንዱን ቢፈልጉት ሌላውን አያመጣም። ስንት ቢሮ ውስጥ "ደብዳቤው ጠፋ" የሚባለው በዚህ ነው። የአጻጻፍ ስርአት ተምረው ያደጉት እርስዎ ነዎት፣ ለገቢና ወጪ መዝገቡ አንድ ወጥ አጻጻፍ አውጡና በአንድ ገጽ ጽፈው ለልጆቹ ይስጧቸው። ያኔ ይሳቁ እስኪ።

ኮደርሱን በተመለከተ፣ በሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው ስልጠና ማለት ነው፣ በነጻ በኦንላይን የሚሰጥ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ ትምህርት ነው። ከፈለጉ ይውሰዱ፣ መስሪያ ቤትዎ ግዴታ ካለም ይውሰዱ፣ እድሜ አይከለክልም። ግን አሁን ላለብዎት የደብዳቤ ችግር መድሃኒቱ እሱ አይደለም፣ እሱን ባለመጨረስዎ ራስዎን አይውቀሱ። ሰርተፍኬት ለመቁጠር ሲባል ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ቁጭ ብሎ ቢሰራልዎት ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ በግል ድርጅት የፋይናንስ ቡድን መሪ። ከስሬ 55 ዓመት የሆናቸው ሲኒየር አካውንታንት አሉ፣ በጣም ነው የማከብራቸው፣ ሂሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። አዲሱ ሲስተም ላይ እሳቸው ናቸው ቼክ አድርገው የሚያጸድቁት፣ ግን በቅርቡ ሳየው ፓስወርዳቸውን ለጁኒየሩ ልጅ ሰጥተውታል፣ ልጁ በራሱ ስም ያስገባና በሳቸው ስም ገብቶ ያጸድቃል፣ እሳቸው ወረቀቱን ብቻ ይፈርማሉ። ሪፖርት ላድርግ ወይስ አሰራሩን ቀይሬ ኮምፒውተሩን ለልጁ ወረቀቱን ለሳቸው ልስጥ? እንዳላዋርዳቸው ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ ይሄ ነገር የምታስቢውን ያህል ብርቅ አይደለም፣ ብዙ ቢሮ ውስጥ አለ፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም። ግን ዛሬውኑ መቆም አለበት። አንዱ ያዘጋጃል ሌላው ያጸድቃል የሚባለው ነገር የመጣው ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ አሁን ሁለቱም ቁልፍ አንድ ልጅ ኪስ ውስጥ ነው። ልጁ ጨዋ ሊሆን ይችላል፣ ይሁን እንበል፣ አንድ ዜሮ ቢያስበልጥና ክፍያው ቢወጣ ግን ሲስተሙ ላይ የሚገኘው ስም የሳቸው ነው። ኦዲተር ሲመጣ "እኔ ወረቀቱን ነው የፈረምኩት" ማለት አያድናቸውም። ይሄን ንገሪያቸው፣ ስለ ድርጅቱ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ስም። ሰላሳ ዓመት ንጹህ የኖረ ስም በሌላ ሰው ጣት አይያዝም፣ ይሄ ይገባቸዋል፣ ካንቺ በላይ ይገባቸዋል።

አነጋገርሽ ለብቻቸው ይሁን፣ ልጁ በሌለበት፣ ቢቻል ከቢሮ ውጪ ቡና ላይ። "አይችሉም" የሚል ሽታ ያለው ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። ጥፋቱን ለሲስተሙ ስጪው፣ ውሸትም አይደለም፣ ፓስወርድ በየጊዜው ቀይሩ የሚል፣ ሶስቴ ከሳቱ የሚዘጋ ሲስተም ማንንም ያማርራል። ፓስወርዳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጡት ምናልባት ተዘግቶባቸው፣ ክፍያ ቸኩሎ፣ አይቲው ስልክ ሳያነሳ ሲቀር ነው (የባህር ዳሩ ወንድማችን ይሄን ይስማ)። ረጅም ግን የማይረሱት ነገር አብራችሁ ፈልጉ፣ ሶስት አራት የማይገናኙ ቃላት ተገጣጥመው ይበቃሉ። በወረቀት ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ቢይዙት እንኳ፣ አውቃለሁ አይቲዎች ይጮሃሉ፣ ለሌላ ሰው ከመስጠት መቶ ጊዜ ይሻላል።

ቀጥሎ ምን ያህል ነገር መልመድ እንዳለባቸው ቁጠሪው። የሚያጸድቅ ሰው ሲስተሙን በሙሉ ማወቅ የለበትም። ለማጽደቅ የሚጠብቁትን ዝርዝር መክፈት፣ አንዱን መክፈት፣ ከቫውቸሩ ጋር ማስተያየት፣ ማጽደቅ ወይም ምክንያት ጽፎ መመለስ፣ በቃ ይሄው ነው። አስቸጋሪው ክፍል ማስተያየቱ ነው፣ እሱን ደግሞ እሳቸው ቫውቸሩን ገና ሲያዩት "ይቺ አካውንት ልክ አይደለችም" ይላሉ። ለዚህች ብቻ አንድ ሳምንት አጠገባቸው ተቀመጪ። መጀመሪያ ላይ ስራው ይዘገያል፣ ከላይ ያሉትን ቀድመሽ አስጠንቅቂያቸው።

ሪፖርቱ? ፓስወርዱን በራሳቸው ቀይረው፣ እስከዛሬ በስማቸው የጸደቁትን አብራችሁ መልሳችሁ ካያችሁ በኋላ የሚቀረው ያንቺ ሃላፊነት ነው። ልዩነት ካገኘሽ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እዛ ጋ ማክበርና መደበቅ መለያየት አለባቸው፣ ለሃላፊሽ ታሳውቂያለሽ።

ወረቀቱን ለሳቸው ኮምፒውተሩን ለልጁ የሚለውን ግን እርሺው። ደግነት ይመስላል፣ ግን ጡረታው 60 ላይ ነው፣ ገና 5 ዓመት አላቸው፣ ያን አምስት ዓመት ጥግ ላይ ልታስቀምጫቸው ነው። ልጁ ደግሞ ሁለት ዓመት ልምድ ሲሞላው ባንክ ማስታወቂያ ያወጣል እሱም ይሄዳል፣ ያኔ ሲስተሙንም ስራውንም የሚያውቅ ሰው አይኖርሽም።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። ሲስተሙ ገብቶኛል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሁፍ ነው የማይታየኝ። ቁጥር ተሳስቼ ሳስገባ "አልገባውም" ይላሉ፣ አይኔ ነው ማለት ደግሞ አፈርኩ።

መልስ፦ ምን የሚያሳፍር ነገር አለው ወንድሜ፣ ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ እይታ መድከሙ ለማንም የማይቀር ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የማንበቢያ መነጽር የሚሰራው መጽሐፍ ለሚያዝበት ርቀት ነው፣ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ስክሪን ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ይርቃል፣ ስለዚህ መነጽር እያለዎት ላይታይዎት ይችላል። የአይን ሃኪሙን ከስክሪኑ ያለዎትን ርቀት ለክተው ይንገሩት። ሁለት እይታ ያለው መነጽር ከሆነ አገጭዎን እያነሱ ነው የሚያነቡት፣ አንገትዎን ይጎዳዎታል፣ ሞኒተሩን ዝቅ ያድርጉት። ለዛሬ ደግሞ ኮንትሮልን ይዘው የማውሱን ጎማ ወደ ፊት ያሽከርክሩ፣ ኤክሴልም ዎርድም ብራውዘርም ላይ ይተልቃል። ዊንዶውሱን በሙሉ ለማተለቅ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ስኬሉን 125 ወይም 150 ፐርሰንት ማድረግ ነው። በማውስ ሴቲንጉ በኩል ደግሞ የማውሱን ቀስት ማተለቅና የደብል ክሊኩን ፍጥነት መቀነስም ይቻላል፣ ደብል ክሊክ እምቢ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይቺው ፍጥነት ናት።

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ፣ የሰው ሃብት ላይ ነው የምሰራው፣ 58 ዓመቴ ነው። የሰራተኛውን የዓመት ፈቃድ ከደብተር ወደ ኤክሴል እንዳስገባ ታዝዤ አስገባሁ። ግን ቀኖቹ ግማሾቹ ግራ ግማሾቹ ቀኝ ይቆማሉ፣ በቅደም ተከተል ሳደርጋቸው ይዘበራረቃሉ፣ የፈቃድ ቀን ሳስቆጥረው ደግሞ ከደብተሬ አንድ ቀን ይበልጣል። ልጆቹ "ጋሼ እርስዎ ነዎት የተሳሳቱት" ይሉኛል። እኔ ደብተሬን አምናለሁ።

መልስ፦ ጋሼ ደብተርዎ ልክ ነው። ኤክሴል የኛን አቆጣጠር አያውቅም፣ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፣ እርስዎ የኛን ቀን ሲጽፉለት እሱ የነሱ እየመሰለው ነው የሚቀበልዎት። ብዙዎቹ ኮምፒውተሮቻችን ደግሞ በአሜሪካኖቹ ልማድ ወሩን ነው የሚያስቀድሙት። ሰኔ 5ን 05/10/2016 ብለው ሲጽፉ እሱ በነሱ አምስተኛው ወር፣ ቀን 10 ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ቀን ሆኖለት ቀኝ ያቆመዋል። ሰኔ 25ን 25/10/2016 ብለው ሲጽፉ ግን 25ኛ ወር ስለሌለ ተራ ጽሁፍ ነው ብሎ ግራ ያቆመዋል። ሲደረድረው ቀን የመሰሉትን አስቀድሞ ጽሁፎቹን ወደ ታች ይጥላቸዋል፣ የተዘበራረቀብዎት በዚህ ነው። ልጆቹ ቀኑን ወደሚያስቀድም ቅንብር ቢቀይሩልዎትም አይፈታም፣ ጥቅምት 30ን 30/02/2016 ሲሉት በነሱ ሁለተኛ ወር ላይ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እሱም ጽሁፍ ይሆናል፣ ጳጉሜማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አያውቃትም።

አንዷ ቀን ደግሞ የምትመጣው ቀኑን በሚያስቀድም ቅንብር ላይ ሲቆጠር ነው። ከመጋቢት 25 እስከ ሚያዝያ 5 በኛ 10 ቀን ነው፣ ወሮቻችን 30 30 ናቸው። ኤክሴል ግን 25/07ን እና 05/08ን ሲያይ ሰባተኛው ወራቸው 31 ቀን ስላለው 11 ብሎ ይቆጥራል። ሰራተኛው ላይ አንድ ቀን ፈቃድ ተበላ ማለት ነው።

መፍትሄው ቀኑን በአንድ ሳጥን አለማስገባት ነው። ሶስት ዓምድ (ኮለም) ያድርጉት፣ ቀን ለብቻ፣ ወር ለብቻ በቁጥር፣ ዓመት ለብቻ። መደርደር ሲፈልጉ መጀመሪያ በዓመት፣ ከዛ በወር፣ ከዛ በቀን ያስደርድሩት። ለመቁጠር የወሮቹን ልዩነት በ30 ያባዙና የቀኖቹን ልዩነት ይደምሩበት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሆነ ሁሌም ልክ ነው። ፈቃዱ መስከረምን ከተሻገረ የዓመቱን ልዩነት በ365 አባዝተው ይጨምሩበት፣ የተሻገሩት ጳጉሜ 6 ከሆነች ደግሞ፣ እንደ 2015ቱ ማለት ነው፣ አንድ ቀን ይጨምሩ። ፎርሙላውን ልጆቹ ይጻፉልዎት፣ ልክ መሆኑን ግን እርስዎ ከደብተሩ አስር የሚሆኑ ፈቃዶች መርጠው ያረጋግጡ፣ ከነሱ ውስጥ ጳጉሜን የተሻገረ አንድ ይኑርበት። እስካሁን በኤክሴል የተቆጠረው የሰራተኛው ፈቃድም እንደገና ይቆጠር፣ አንዳንዱ ሰው ቀን ሳይኖርበት አይቀርም።